ዲጂታል ሚክሰር ከመግዛትህ በፊት ክራርህ የሚሰካበትን ቀዳዳ እይ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባለ ሬስቶራንት አርብና ቅዳሜ ማታ እንጫወታለን። እኔ ክራር፣ አንዲት ድምፃዊት፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ከበሮ መቺ ነን። ክራሬ ላይ ክብ ፒየዞ ፒክአፕ ለጥፌአለሁ፤ በስድስት ፔዳል (በእግር የሚረገጡ የኢፌክት ሳጥኖች) አልፎ 12 ቻናል ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ትራክ (የተቀዳ ማጀቢያ) እና የክራሩ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚመስለው ኢፌክት) ከላፕቶፕ በሳውንድ ካርድ ይመጣሉ። ሁለት ባለ 12 ኢንች አክቲቭ ስፒከርና አንድ ሞኒተር (ራሳችንን የምንሰማበት ስፒከር) አለን። ዕቃ መዘርጋት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል። ዝዝዝ የሚል ድምፅ አይጠፋም፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ክራሩ ፔዳል ካልረገጥኩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ ይለያያል። ለዲጂታል ሚክሰር ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ ልግዛ? ወይስ ሁሉንም ጥዬ ክራሬን ብቻ ይዤ ልጫወት? ዕቃ ስነካካ ልምምድ ከተውኩ ቆየሁ።»

ወንድሜ፣ ሚክሰሩን አትግዛ። ሁሉንም መጣልም አያስፈልግህም፤ ሐይቁ ዳር ነፋስ፣ የሳህን ኳኳታና የሰው ወሬ ባለበት ቦታ ድምፃዊቷ ያለ ማይክ በአንድ ወር ጉሮሮዋን ትጨርሳለች። መቀነስ ያለበት ግን ብዙ ነው። ከየት እንደሚጀመርም ራስህ ጽፈኸዋል፦ ክራሩ ፔዳል ካልተረገጠ ቆርቆሮ ይላል። ስድስቱ ፔዳሎች እንዴት እንደተከማቹ የሚገልጠው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ከሱ እንነሳ።

ፒየዞ ዲስክ የነሐስ ሳህን ላይ የተጣበቀ ስስ ሴራሚክ ነው። ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ግን ጉልበት የለውም፤ ጠባዩም የካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ አቅሙ፣ ካፓሲታንሱ፣ በፋራድ ይለካል። 20 ወይም 27 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የተለመዱት ዲስኮች ከ10 እስከ 20 ናኖፋራድ ገደማ ይለካሉ። የሚክሰር የላይን መግቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኪሎኦም ሬዚስታንስ አለው። ይህ ለኪቦርድ ተስማሚ ነው፤ ለፒየዞ ግን ወፍራሙን ድምፅ አስቀርቶ ቀጭኑን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ይሆናል። ስሌቱን ራስህ መሥራት ትችላለህ፦ 6.28ን በሬዚስታንሱና በካፓሲታንሱ አባዝተህ 1ን ለውጤቱ ታካፍላለህ። 15 ናኖፋራድ ዲስክ 10 ኪሎኦም ላይ ሲሰካ 1,060 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብለህ መካከለኛው ዶ አካባቢ ስትደርስ 12 ዲሲቤል ገደማ ጠፍቷል። ክራርህ ገላው ያለው እዚያ ነው። የቀረልህ የጥፍርና የአውታር ጫጫታ ስለሆነ ቆርቆሮ ቢመስልህ ጆሮህ ልክ ነው። ያንኑ ዲስክ 1 ሜጋኦም መግቢያ ላይ ብትሰካው ወንፊቱ ወደ 10 ሄርዝ ይወርዳል፣ ማለትም የክራሩ ድምፅ በሙሉ ያልፋል።

አሁን ፔዳሎቹን ተመልከት። አብዛኞቹ ሲረገጡ የመግቢያቸው ሬዚስታንስ ከ500 ኪሎኦም እስከ 1 ሜጋኦም ነው። ሲጠፉ ግን ብዙዎቹ ምልክቱን በቀጥታ ሽቦ ያሳልፉታል፤ ዲስክህ ተመልሶ ከሚክሰሩ 10 ኪሎኦም ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንድ ፔዳል ስትረግጥ ክራሩ «ነፍስ ሲዘራ» ሥራውን የሠራው ኢፌክቱ ሳይሆን የፔዳሉ መግቢያ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተገዙትም ምናልባት ይህንኑ ስሜት ፍለጋ ይሆናል። ዲጂታል ሚክሰርም ላይን መግቢያው ከዚህ ብዙም አይለይም። ኢኳላይዘሩ (የቶን ማስተካከያው) የቱንም ያህል ብዙ እጅ ቢኖረው በሩ ላይ የቀረውን ድምፅ በደንብ መልሶ አያመጣውም፤ ከፍ ሲያደርገው ጫጫታውንም አብሮ ይጨምርልሃል።

ከመግዛትህ በፊት ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ አድርግ። የሚክሰሩን የቶን ቁልፎች በሙሉ መሐል ላይ አቁም። ክራሩን በቀጥታ ላይን መግቢያ ላይ ሰክተህ ግርፍ ምታ። ቀጥለህ ከፔዳሎችህ አንዱን ብቻ መሐል አስገባና አብርተህ ኢፌክቱን እስከ ዜሮ ቀንስ፤ አሁንም ያንኑ ግርፍ ምታ። ልዩነቱ የመግቢያው ልዩነት ነው። ሚክሰርህ ላይ ጊታር የሚል ወይም የጊታር ሥዕል ያለበት ቁልፍ ካለ ያ ቻናል አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ስላለው ክራሩን ከ5 ሜትር ባልበለጠ ኬብል ቀጥታ እዚያ ሰካው፣ ምንም አትግዛ። ከሌለ የሚያስፈልግህ አንድ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የመሣሪያን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ለሚክሰሩ ማይክ መግቢያ የሚያመች ትንሽ ሳጥን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የመግቢያ ሬዚስታንሱ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አይተህ ውሰድ። ኃይሉን ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም፣ ማለትም ሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ ከሚልከው ኤሌክትሪክ ያገኛል። ከክራሩ እስከ ዲአይ ያለው ኬብል 2 ወይም 3 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዲአይ እስከ ሚክሰር ግን በማይክ ኬብል 20 ሜትርም ብትሄድ ግድ የለም። ፋንተሙን ከማብራትህም ከማጥፋትህም በፊት የቻናሉን ፌደር (ተንሸራታች የድምፅ መጠን ቁልፍ) አውርድ፤ አለዚያ በስፒከሩ ላይ ጥፊ የሚመስል ድምፅ ያልፋል። ብዙ ሚክሰሮች ላይ ፋንተሙ ለሁሉም ማይክ መግቢያ በአንድ ቁልፍ ነው የሚበራው። ጫፉ ላይ ሁለት ቀለበት ያለው (ስቴሪዮ) ጃክ በአዳፕተር ማይክ መግቢያ ላይ የሰካኸው ዕቃ ካለ ቀድመህ ንቀለው።

ዲስኩ የተለጠፈበት ቦታም የመግቢያውን ያህል ወሳኝ ነው። ቆዳው መሐል ላይ ከለጠፍከው እያንዳንዱ የእጅ ንክኪ ድብ ድብ ይላል፣ ፊድባክም ቶሎ ይይዘዋል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ እግር 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ፣ ወደ ገበቴው ጠርዝ የተጠጋው ቦታ ነው። በጣም ጮኾ ከታየህ የገበቴውን እንጨት ሞክር፤ እዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል ግን ይረጋጋል። መጀመሪያ በቁስል ፕላስተር እየለጠፍክ ሦስት አራት ቦታ ሞክር፣ የወደድከውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግና ከዚያ በኋላ በስስ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አጣብቀው። ወፍራሙን ስፖንጅ ያለውን ተለጣፊ አትጠቀም፤ ንዝረቱን ስፖንጁ ይበላዋል። የዲስኩ ሽቦ ቆዳው ላይ እየተወዛወዘ እንዳይነካካም ገበቴው ላይ በፕላስተር ያዘው።

ክራሩ ከተስተካከለ ከስድስቱ ፔዳል ምን ይቀራል? በኔ ግምት ምንም፣ ቢበዛ አንድ። ሪቨርቡ ሚክሰርህ ውስጥ ካለ ከሱ ውሰድ። ለሁለት ዘፈን ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ኢፌክት) የግድ ካስፈለገህ ያንን አንዱን አስቀር። ስድስቱን በአንድ አዳፕተር በቅርንጫፍ ሽቦ ነው የምታበራቸው ብዬ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ከዝዝታው ከፊሉ የመጣው ከዚያ ነው፤ ዲጂታል ዲሌይና ሪቨርብ የራሳቸውን ቀጭን ፉጨት በጋራው ሽቦ ለጎረቤት ያጋባሉ። አናሎግ ፔዳል ከ5 እስከ 20 ሚሊአምፔር ሲበቃው ዲጂታሉ 100 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ አዳፕተሩ ካልቻለ ድምፁ ይንተባተባል። አንድ ፔዳል ሲሆን ግን 9 ቮልት የራሱን አዳፕተር ይዞ ይሄዳል፣ ጣጣው ያልቃል። አዳፕተር ስትቀያይር የመሐሉ ፒን ፖዘቲቭ ነው ነጋቲቭ የሚለውን ፔዳሉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አመሳክር፤ አብዛኞቹ ፔዳሎች መሐሉ ነጋቲቭ ነው የሚሹት፣ ሲገለበጥ የሚቃጠሉም አሉ።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። የክራሩን ሪቨርብ በላፕቶፕ ውስጥ ማሳለፍ ከሁሉም ውሳኔዎችህ ይበልጥ የጎዳህ ይመስለኛል። ላፕቶፑ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ሳምፕል እየከፋፈለ 512 ሳምፕል እስኪሞላ የሚጠብቅ ከሆነ (ይህ መጠበቂያ በፈር ይባላል) ለመግባት 10.7፣ ለመውጣትም 10.7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በድምሩ ከ21 በላይ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ስለሚጓዝ የራስህን ክራር ከ7 ሜትር ርቀት የምትሰማው ያህል ነው። ድርድር ስትጫወት ጣትህ የዘገየ ይመስልህና ትገፋለህ፣ ከበሮው ደግሞ አንተን ለመያዝ ይሮጣል፣ ጨዋታው ሳታውቁት ይፈጥናል። በፈሩን ወደ 128 ብታወርደው መዘግየቱ ወደ 5 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ ይህ ይቻላል፣ ግን ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ መሰንጠቅ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክራሩ በፍጹም ላፕቶፕ ውስጥ አይግባ።

ትራኩስ? ከበሮ መቺ ቁጭ ብሎ እያለ የተቀዳ ከበሮ ለምን እንደሚከፈት አልገባኝም። መቺው ትራኩን በሞኒተር ብቻ እየሰማ ለመከተል ሲሞክር ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። በትክክል እንሥራው ከተባለ የጆሮ ማዳመጫና ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ቴክ ቴክ ድምፅ) ያስፈልጋል፣ እሱም ሌላ ሽቦ፣ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ሩብ ሰዓት ነው። ችክችካ በሰው እጅ ሲመታ በየዙሩ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ ተመጋቢውን ወንበሩ ላይ ትከሻውን የሚያስነቀንቀው ያ ትንፋሽ ነው። ትራኩን አውጡት። ድምፃዊቷ ያለ ትራክ እሺ የማትልባቸው ሁለት ሦስት ዘፈኖች ካሉ ደግሞ ከስልክ ይከፈቱ፣ ስልኩ በረራ ሞድ ላይ ይሁን። ሳውንድ ካርዱና ላፕቶፑ ሲወጡ ጄኔሬተር ሲነሳ የሚለያይ ነገርም አይኖርም፤ የግድግዳ ኃይል የሚጠቀም ሳውንድ ካርድ ለግማሽ ሰከንድ ኤሌክትሪክ ካጣ ይጠፋል፣ ሲመለስ ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። ዝዝታውም ሊቀንስ ይችላል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር የታወቀ የዝዝታ ምንጭ ነውና። ቻርጀሩን ነቅለህ ዝዝታው ከጠፋ ምንጩን አገኘኸው ማለት ነው።

የቀረው ዝዝታ የኃይል መስመር ጉዳይ ነው። አገራችን 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ ወፍራም ሁምታ ስትሰማ 50 እና 100 ሄርዝ ነው የምትሰማው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሚክሰሩ በአንድ ግድግዳ፣ ስፒከሮቹ በሌላ ግድግዳ ሲሰኩና ኧርዙ (ወደ መሬት የሚሄደው የደኅንነት ሽቦ) በሁለት መንገድ ሲዞር ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ አንድ ባለ ኧርዝ ማከፋፈያ ላይ ሰብስብ። አትፍራ፣ ይችላል፤ 10 አምፔር ማከፋፈያ እስከ 2,200 ዋት ይሸከማል። አክቲቭ ስፒከር ላይ የተጻፈው 1,000 ዋት የቅጽበት ጉልበቱ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የሚስበው አይደለም። የመረጥከው ሶኬት የፍሪጅና የውኃ ፓምፕ መስመር እንዳይሆን ሠራተኞቹን ጠይቅ፤ ሞተር በተነሳ ቁጥር ቷ የሚለው እሱ ነው። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ዝዝታ ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ወይም በፕላስተር የሚሸፍን አለ። ይህ ሰው ይገድላል። ዘፋኝ ከንፈሯን ብረት ማይክ ላይ አድርጋ፣ እግሯ ርጥብ ሣር ላይ ቆማ ነው የምትዘፍነው። ዝዝታው ካልጠፋ ኪቦርዱን በዲአይ አድርገህ የዲአዩን ግራውንድ ማላቀቂያ ቁልፍ ተጫን፤ ያ የድምፅ መስመሩን ብቻ ነው የሚለየው፣ የደኅንነቱን ኧርዝ አይነካም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሁሉ በፊት የማከፋፈያውን ማጥፊያ ዝጋ። ጄኔሬተር ሲነሳና መስመር ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፤ አክቲቭ ስፒከር የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀህ የቤቱ አምፖሎች መብለጭለጭ ሲያቆሙ አብራ፣ ቅደም ተከተሉም ኪቦርድ፣ ሚክሰር፣ በመጨረሻ ስፒከር ይሁን። ሲዘጋ ተቃራኒው ነው፣ ስፒከር ይቀድማል።

በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች የምትሠሩት ነገር ላንተ ሁለተኛ ጥያቄ፣ ማለትም «ክራሬን ብቻ ይዤ ልጫወት?» ላልከው መልስ ይሆናል። ያለ ኤሌክትሪክ የሚቀርቡ አምስት ወይም ስድስት ዘፈኖች አዘጋጁ፦ ክራር፣ ከበሮ፣ ድምፅ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም በጭብጨባና በመቀበል። መብራት ሲሄድ ከመድረኩ ውረዱና ጠረጴዛዎቹ መሐል ገብታችሁ ቀጥሉ። ይህ እንዲሳካ በሳምንት አንድ ቀን ምንም ሳይሰካ ልምምድ ማድረግ ግድ ነው፤ ልምምዱን ከኬብል ለይተኸው ብታስቀምጠው ወደሱ ለመመለስም ይቀልሃል። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ የሰው ጆሮ ይዘው የቆዩት ድምፁ ሲገባ ክራሩ ቦታ እየለቀቀ፣ ድምፁ ሲያርፍ ክራሩ እየመለሰ ስለሚሄድ ነው። ያለ ስፒከር ስትለማመዱ ማን ማንን እንደሚሸፍን ወዲያው ይሰማችኋል።

በናንተ አደረጃጀት ክራሩን የሚሸፍነው ኪቦርዱ መሆኑን ሳልሰማ መናገር እችላለሁ። ግራ እጅ ባስ ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ክራሩ ባለበት ኦክታቭ ላይ ኮርድ ይዘረጋል፣ በላዩ ላይ የኪቦርዱ ሪትም ጊታርና ስትሪንግ ይጨምራል። ያኔ ክራሩ አይሰማም፤ አንተ ትጨምራለህ፣ እሱም ይጨምራል፣ ማይኩ ማፏጨት ይጀምራል። ይህን ሚክሰር አይፈታውም። ኪቦርድ ተጫዋቹን እንዲህ በለው፦ ክራሩ ዜማ ሲይዝ ቀኝ እጅህን አንሳ ወይም አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ውጣና በረጅሙ ያዝ፤ የራስ ሰር አጃቢውን አጥፋ፣ ባሱን በእጅህ ተጫወት። በዚህ ብቻ ክራሩ ፌደሩ ሳይነካ ወደ ፊት ይመጣል።

ሌላው ቅኝት ነው። የኪቦርድ ድምፆች እኩል የተከፋፈሉ ናቸው፤ የክራር ጆሮ ግን ሁልጊዜ እዚያ ላይ አያርፍም፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ ሁለቱ ሲጋጩ ጎልቶ ይሰማል። አንቺሆዬ ስትጫወቱ ኪቦርዱ መነሻዋን ድምፅ ብቻ ቢይዝ ወይም ዝም ቢል ይሻላል። ዘፈኖቹንም በቅኝት ደርድራቸው፤ መሐል ላይ መቃኛ ማዞር ሰዓትም ይበላል፣ ሰውንም ያስወራል። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ብታወርዳቸው ትዝታ ማይነር ላይ ነህ። ከዚያ ሬን በግማሽ አውርደህ፣ የወረደውን ሚ አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ፋ ካወጣኸው አምባሰል ሆነ። እያንዳንዱ ሽግግር ሁለት አውታር ብቻ ይነካል፣ ስድስተኛው አውታርህ የአንዳቸው ድግም ከሆነ እሱንም ጨምር። ስለዚህ ምሽቱን በሜጀር ጀምራችሁ ወደ ማይነር፣ ከዚያ ወደ አምባሰል መሄድ ከመዘባረቅ ይሻላል። የሐይቁ እርጥበትም አለ፦ ቆዳው ሲርስ ይላላል፣ ብርኩማው ዝቅ ይላል፣ አውታሮቹ አብረው ይወርዳሉ። ክራሩን ከመጫወትህ 30 ደቂቃ በፊት ከሻንጣው አውጥተህ አየሩን እንዲላመድ አድርግ፣ ከዚያ ቃኝ። የዓሣ መጥበሻው አጠገብ ደግሞ አታስቀምጠው፤ ከሰሉ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ይመለሳል።

ማይክና ስፒከርን ባጭሩ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት፣ ከጎን፣ ቀንዱ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው አፍ) ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ እንዲሆን 1.8 ሜትር አካባቢ ይቁሙ፤ ፊታቸው ወደ ጠረጴዛዎቹ እንጂ ወደ ሐይቁ አይሁን። ማታ ከውኃው ወለል አጠገብ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ውኃው እየታጠፈ ርቆ ይሄዳል፤ አቅጣጫውን ካልተጠነቀቃችሁ ማዶ ያለው ሰው ከደንበኞቻችሁ ይበልጥ ይሰማችኋል። ሞኒተሩ በካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ ሰምቶ ከጀርባው የማይሰማ ዓይነት) ጀርባ በትክክል ይግባ፤ ሱፐርካርዲዮይድ ከሆነ ከጀርባው ትንሽ ወደ ጎን። ድምፃዊቷ ከንፈሯን ከማይኩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ታቅርብ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይጠፋል፣ አንተ በጌይን (ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን ድምፅ በሚያጎላው ቁልፍ) ለማካካስ ስትሞክር ፉጨቱ ይመጣል። የማይኩን ራስ በመዳፏ እንዳትሸፍነው ንገራት፤ ብዙዎች ለስታይል ያደርጉታል፣ ግን ማይኩ ከኋላ ያለውን ድምፅ የመከላከል ችሎታውን ያጣል። ለከበሮው ማይክ አታቁሙ፤ የተከፈተ ማይክ ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ከፉጨት በፊት ያላችሁ ክፍተት በ3 ዲሲቤል ይጠባል፣ ከበሮ ደግሞ ራሱን ያሰማል።

ጌይን ሲስተካከል ፌደሩ ወርዶ፣ ዘፋኟ በእውነተኛ ጉልበቷ የዘፈኑን ከፍተኛ ክፍል እየዘፈነች ይሁን፤ «ቴስት፣ ዋን ቱ» አይበቃም። የቻናሉን ማዳመጫ ቁልፍ ተጭነህ መብራቱ ዜሮ አካባቢ እስኪደርስ ጌይኑን ክፈት፣ ቀዩ ከበራ መልስ። የድምፃዊቷ ቻናል ላይ የ80 ወይም 100 ሄርዝ መቁረጫውን ተጫን፤ ነፋስና የመድረክ እግር ድምፅ እዚያ ይቀራል። ፉጨቱ ቀጭን ከሆነ 2,000 እና 4,000 ሄርዝ መሐል፣ ጉርምርምታ ከሆነ ከ200 እስከ 400 ፈልገው፤ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል ብቻ ቀንስ። ከዚያ በላይ መቁረጥ ካስፈለገህ ስህተቱ የቦታ ነው፣ ሂድና ስፒከሩን አንቀሳቅስ።

አሁን ሚክሰሩ ላይ የሚገቡት ሦስት ናቸው፦ ድምፅ፣ ክራር፣ ኪቦርድ። ዕቃው በአንድ ባጃጅ በአንድ ጊዜ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ባጃጅ ካስፈለገ የሆነ ነገር በዝቷል። ከሚክሰሩ ጀርባ እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ባለቀለም ፕላስተር ለጥፍ፣ በኬብሉ ጫፍም ያንኑ ቀለም፤ ማንም የቡድኑ አባል በጨለማ መሰካት ይችላል። ሃያ ደቂቃ ይበቃችኋል፣ ግማሹ ለድምፅ ማስተካከያ ተይዞ። በትንሿ ቦርሳ ውስጥ አንድ ትርፍ ማይክ ኬብል፣ አንድ ጃክ ኬብል፣ አንድ ዙር አውታርና ፕላስተር አይጥፋ። ኬብል በክንድህ ላይ ጠበቅ አድርገህ አትጠቅልል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ መጀመሪያ የሚበጠሰው ጃኩ አንገት ላይ ነው።

ዲጂታል ሚክሰር የሚገዛበት ጊዜ አለ፦ ከስምንት በላይ መግቢያ ሲኖራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሞኒተር ሲያስፈልግ፣ ወይም በየሳምንቱ የተለያየ አዳራሽ እየሄዳችሁ የባለፈውን ማስተካከያ ማስቀመጥ ስትፈልጉ። እስከዚያ ካጠራቀምከው ዲአዩንና ሁለት ጥሩ ኬብል ግዛ፣ የቀረውን አስቀምጠው። ላፕቶፑም ቤት ውስጥ ልምምድ ለመቅዳት ያገለግልሃል፤ በማግስቱ ስታዳምጠው ኪቦርዱ የት የት ላይ እንደሸፈነህ ይነግርሃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ በአንድ ማከፋፈያ፣ ያለ ላፕቶፕና ያለ ፔዳል አሁንም ዝዝ ካለ ክራሩን ራሱን መርምር። የጃኩን ብረት በእጅህ ስትነካ ዝዝታው የሚቀንስ ከሆነ ዲስኩ መከለያ የለውም ማለት ነው፤ ሴራሚኩን በስስ ፕላስተር ሸፍነህ በላዩ ላይ የአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልል፣ ወረቀቱንም ከጃኩ ውጫዊ ብረት ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኝ። ስትነካው የሚጨምር ከሆነ ግን የግራውንዱ ሽቦ ጃኩ ላይ ተበጥሷል፤ ጫፉን 2 ሳንቲሜትር ቆርጠህ እንደገና በሶልደር አጣብቀው።